ሪማፒንግ፦ የሞተር ካርታ ክለሳ

ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1989 ስካይላይን ጂቲ-አር አር32ን ለገበያ ሲያቀርብ በመግለጫው ላይ ያሰፈረው 280 የፈረስ ጉልበት ነበር። ቁጥሩን የወሰነው የሞተሩ አቅም አልነበረም። የጃፓን መኪና አምራቾች ከዚያ በላይ ላለማስተዋወቅ እርስ በርስ ተስማምተው ነበር፤ ስምምነቱ የቀረው በ2004 ነው። መኪናው በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ሲደርስም ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ይገታል። ይህን የፋብሪካ ትእዛዝ ከፍቶ እንደገና መጻፍ ሪማፒንግ ይባላል። በአማርኛ «የሞተር ካርታ ክለሳ» ቢባል ሥራውን በትክክል ይገልጻል።

ካርታው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። በአንዱ ጠርዝ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር፣ በሌላው የተሸከመው ጭነት ይሰፍራል። ሁለቱ በሚገናኙበት ሳጥን ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ ወይም ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ ተጽፏል። በአር32 ዘመን ካርታውን ለመለወጥ የኮምፒውተሩን ቺፕ መተካት ያስፈልግ ነበር፤ በአዳዲስ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ላፕቶፕ ከምርመራ ሶኬቱ ጋር ማገናኘት ይበቃል።

ከባዱ ሥራ ግን እያንዳንዱ ገደብ ለምን እንደተቀመጠ መለየት ነው።

የ180ው ገደብ የስምምነት ጉዳይ ነው። ኒሳን ራሱ በ2007 ባወጣው አር35 ላይ፣ መኪናው በታወቁ የጃፓን የእሽቅድምድም ሜዳዎች ውስጥ መሆኑን በጂፒኤስ ሲያረጋግጥ ገደቡን ማንሳት እንዲቻል አድርጓል። የጭስ መቆጣጠሪያው ደግሞ የሕግ ጉዳይ ነው፤ በአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ እሱን የሚያሰናክል ካርታ መጫን ክልክል ነው።

የቱርቦው ግፊት ከሁለቱም ይለያል፤ እዚህ ገደቡን ያበጀው ዕቃው ራሱ ነው። በአር32 ቱርቦዎች ውስጥ በጭስ የሚሽከረከረው ክፍል ከሴራሚክ የተሠራ ነው። ቀላል በመሆኑ ፈጥኖ ይነሳል፣ ግፊቱና ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ ግን ይሰባበራል። ስለዚህ ብዙ ግፊት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሴራሚኩን በብረት ያስቀይራል፤ ካርታው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ነዳጁም ገደብ አለው። በጃፓን የሚሸጠው ከፍተኛ ደረጃ ቤንዚን ብዙውን ጊዜ 100 ኦክቴን ነው። ለእሱ የተዘጋጀ ካርታ በ95 ኦክቴን ሲሠራ፣ የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ የካንዴላው ነበልባል ሳይደርስበት ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ «ኖክ» የሚባለው ክስተት ሲደጋገም ፒስተን ይሰነጥቃል። ባለሙያው እሳቱን በጥቂት ዲግሪ ያዘገያል፤ ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ግን ይተርፋል።

ጠንቃቃ ባለሙያ አንድም ቁጥር ሳይነካ የፋብሪካውን ፋይል ገልብጦ ያስቀምጣል። ከዚያ ጎማዎቹ ሮለር ላይ የሚዞሩበት «ዳይኖ» ላይ መኪናውን አውጥቶ ድብልቁን ይለካል። 1 ኪሎ ቤንዚን በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ቱርቦ ሞተር ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ግን አየሩን ወደ 12 ኪሎ ገደማ ማውረድ የተለመደ ነው፤ ትርፉ ቤንዚን ሙቀቱን ይቀንሳል። ባለሙያው ግፊቱን ጥቂት ይጨምራል፣ ኖክ መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል፣ ንጹሕ ከሆነ ወደሚቀጥለው ሳጥን ያልፋል።