ተራ የተባለ ደም

ጎጃም በረንዳ አንድ ሱቅ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ከአገር ቤት የመጣ ሰው «ግድያ» ብሎ ጉዳዩን ሲጀምር የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው። «ደም አለብን» ይላል፤ «ደመኛችን ሸፈተ» ይላል። ያደረገው የገዛ ዘመዱ ከሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነፍስ አጠፋ» ይላል።

ግዕዙ ለመግደል «ቀተለ» ይላል፤ ትእዛዙም «ኢትቅትል» ነው። «ተጋደለ» በግዕዝ መታገል ነው፤ የቅዱሳኑ ገድል የበቀለው ከዚያ ግንድ ነው፤ የአማርኛው «ገደለ»ም እንዲሁ። በፉከራ «ገዳይ» ማዕረግ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ግዳይ ጣለ ተብሎ ይዘፈንለት፣ ጆሮው ላይ ሎቲ ያንጠለጥል ነበር። በግፍ ሰው ያጠፋውን ግን «ነፍሰ ገዳይ» ብለን ለየነው።

ደም የቤተሰብ ነበር። በአጼ ምኒልክ ዘመን እንኳ ጥፋቱ የተረጋገጠበት ሰው ለሟች ወገን ይሰጣል፤ ወይ ይገድሉታል፣ ወይ የደም ካሳ ተቀብለው ይምሩታል። ሽማግሌ ገብቶ ሲያስታርቅ ደም ደረቀ ይባላል። ዛሬ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ መልካም ሆነ እላለሁ፤ ደም ሲመላለስ የተዘጉ ቤቶችን ጉዳይ በእጄ ጽፌአለሁና። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም መግደልን ይመድባል፦ አንቀጽ 539 ከባዱ ነው፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት፤ 540 ተራው፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት፤ 541 ቀላሉ፣ እስከ 5 ዓመት።

አንድ ቀን አንዲት እናት የውሳኔ ግልባጭ ይዘው መጡ። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል፤ ሲፈቱት ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ተበጥሷል። «ተራ የሰው ግድያ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄን ያዙኝ።

«ተራ ማለት ምንድን ነው ልጄ?»

እኛ ሰፈር ተራ የንግድ መደዳ ነው፤ ሸራ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ።

«የሕግ አጠራር ነው እናቴ፤ ከከባዱ ለመለየት ነው» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ ተራ አልነበረም። በኩሬ ነው። እንደሱ ብለህ ጻፍልኝ።»

ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ እንዲልላቸው ማመልከቻውን ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦» በሚለው ፊት ለፊት «ስለ በኩር ልጄ ደም» አልኩ፤ አንቀጽ 540ን ከታች አሰፈርኩት።