ከመካ እስከ ካምብሪጅ፦ የእህታችን ዶክተር ሐያት ሲንዲ ጉዞ



«ለሴት ልጅ ሳይንስ ምን ያደርግላታል?» የሚል ንግግር በየሰፈራችን ዛሬም ይሰማል። መልስ ፍለጋ ወደ ሩቅ ዘመን መሄድ አያስፈልገንም። ዛሬ የምናወሳት እህት እ.ኤ.አ. በ1967 የተወለደችው የመጀመሪያው ወሕይ በወረደባት በመካ ነው።

ሐያት ሲንዲ በ1991 ቤተሰቧን አሳምና ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሄደች። ቋንቋውን እየተማረች፣ ሒጃቧን እንደለበሰች በ1995 ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ በመድኃኒት ሳይንስ ተመረቀች። በ2001 ደግሞ ከካምብሪጅ በባዮቴክኖሎጂ ዶክትሬቷን ያዘች። በዚህ ዘርፍ እዚህ ደረጃ የደረሰች የመጀመሪያዋ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሴት እሷ ናት።

እውቀቷ ለማን ጠቀመ? በአሜሪካ ከሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጋር ሆና «ዳያግኖስቲክስ ፎር ኦል» የተባለውን ድርጅት ከመሠረቱት አንዷ ናት። ሥራቸው የቴምብር መጠን ባላት ቁራጭ ወረቀት ላይ የሚደረግ ምርመራ ነው። ጠብታ ደም ወረቀቷ ላይ ሲያርፍ በቀጫጭን መስመሮች ይሰርጋል፤ በውስጧ ካለው ኬሚካል ጋር ሲገናኝም ቀለሙ ይለወጣል። የቀለሙ ለውጥ የጉበትን ሁኔታ ይናገራል። ኤች አይ ቪንና የሳንባ ነቀርሳን ለማከም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ጉበት ስለሚጎዱ ክትትል የግድ ነው። ላቦራቶሪና መብራት በሌለበት ገጠር ላለ ሕመምተኛ ይህች ወረቀት ምን ማለት እንደሆነች አስቡት!

እህታችን በዚህ አላበቃችም። በ2012 ዩኔስኮ በመካከለኛው ምሥራቅ የሳይንስ ትምህርት፣ በተለይ ለሴቶች ልጆች፣ እንዲስፋፋ ስላደረገችው ጥረት የበጎ ፈቃድ አምባሳደሩ አድርጎ ሾማት። በ2013 የሳዑዲ ሹራ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን በአባልነት ሲቀበል ከ30ዎቹ አንዷ እሷ ነበረች።

ወላጆች ሆይ! ሚስቶቻችንና እናቶቻችን ሲታመሙ ሴት ሐኪም እንፈልጋለን። ታዲያ ልጃችንን ከባዮሎጂና ከኬሚስትሪ ክፍል እያስቀረን ያቺ ሐኪም ከየት ትምጣልን? ወንድሞች ሆይ! እህታችሁ ፈተና ሲደርስባት የቤቱን ሥራ ተካፈሏት። እህቶች ሆይ! «ለእኔ አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት ደብተራችሁን ክፈቱ።

አላህ ጠቃሚ እውቀት ይወፍቀን። ኣሚን!