ከማደሪያ መሬት እስከ ጡረታ አበል፤ የገንዘብ ለውጥና የወታደር መተዳደሪያ በጎጃም ደጋ

መንግሥት ጉልበቱን በአገልግሎት ለጨረሰ ወታደር ውለታውን የሚመልሰው በምንድን ነው? በጎጃም ደጋ፣ በተለይም በደብረ ማርቆስና በአካባቢው፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ከአንድ መቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከመሬትና ከግብር ወደ ጠገራ ብር፣ ከጠገራ ብርም ወደ ወረቀት ገንዘብ ተለውጧል። የገንዘብ ታሪክና የጡረታ ታሪክ ተያይዘው መጠናት ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የነበረው የባሶ ገበያ ዓባይን ተሻግረው የሚመጡ የቡናና የወርቅ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ሥፍራ ነበር። በዚያ ገበያ አሞሌ ጨው እንደ ዝርዝር፣ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብርም እንደ ዋና ገንዘብ ያገለግሉ ነበር። ሻጩ ብሩን ከመቀበሉ አስቀድሞ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጥንቃቄ ይመረምር ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ቢያስቀርጹም፣ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ በቀላሉ አልተወም።

በዚያ ዘመን ወታደር የወር ደመወዝተኛ አልነበረም። በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ማደሪያ መሬት በደመወዝና በጡረታ ፈንታ ይሰጥ ነበር። በጎጃም ግን መሬቱ በአብዛኛው በትውልድ የሚወረስ ርስት ስለ ነበረ፣ የባለሥልጣኑና የወታደሩ ድርሻ ከባለርስቱ ግብር የመቀበል መብት ነበር። የአንዱ መጦሪያ የሌላው ሸክም የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

የኢጣልያ ወረራ በ1928 ዓ.ም. የሊሬን ወረቀት ይዞ መጣ። ገበሬው ግን ብሩን መረጠ። በዚህም ምክንያት ወራሪው መንግሥት ራሱ የጠገራውን መቅረጫ ከቪየና አግኝቶ በሮም ሲያሠራ፣ እንግሊዞችም በለንደንና በቦምቤይ አስቀርጸዋል። የጎጃም አርበኞች ዘመቻም በዚሁ ብር ተደግፏል። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ በገቡ ጊዜ በአገሪቱ ብር፣ ሊሬና የውጭ ገንዘብ ተደባልቀው ይሠራባቸው ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ታከለበት።

ይህ ዝብርቅ የተቋጨው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ አዲሱን የወረቀት ብር ሥራ ላይ ባዋለ ጊዜ ነው። አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ሕዝቡ ለብረቱ ያለውን እምነት በመገንዘብም የ50 ሳንቲሙ ገንዘብ ከአሜሪካ በተገኘ ብር ተሠራ። የ25 ሳንቲሙ መጠን ከ50 ሳንቲሙ ጋር ተቀራርቦ ስላሳሳተ በኋላ ጠርዙ እየተቆረጠ እንዲለይ ተደርጓል።

ወጥ ገንዘብ መኖሩ ግብርን በገንዘብ ለመሰብሰብና ለመደበኛው ጦር ደመወዝ ለመክፈል አመቸ። ነገር ግን የጎጃም ገበሬ በ1934 ዓ.ም. የወጣውን የመሬት ግብር መለካትንና ርስት ማጣትን የሚያስከትል አድርጎ ስላየው ተቃወመ፤ ከዐመፁም በኋላ የ1937ቱ አዋጅ ጎጃምን በቀድሞው የግብር ልክ እንዲቆይ ተወው። የእርሻ ገቢ ግብር በ1960 ዓ.ም. ሲታወጅ ያው ሥጋት ተቀስቅሶ ሌላ ዐመፅ አስነሣ፤ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ የግብሩም ውዝፍ ተሰረዘ።

የወታደሩ መጦሪያ በሕግ የተደነገገው በዚሁ ዘመን ነው። በ1953 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ድንጋጌና በ1955 ዓ.ም. የተከተለው አዋጅ ቁጥር 209 ሲቪል ሠራተኛውንና ወታደሩን በአንድ ሥርዓት አቀፉ። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ ሲያዋጣ፣ መንግሥት ለሲቪሉ 6 በመቶ፣ ለወታደሩ 16 በመቶ ይጨምር ነበር። የልዩነቱ መነሻ ግልጽ ነው፤ ወታደር ቀድሞ ከአገልግሎት ይወጣል፣ ለጉዳትና ለሞትም ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ሆኖም ሕጉ የሚቆጥረው በመዝገብ የሰፈረውን የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ ነበር። በጎጃም በረሃዎች አምስት ዓመት የተዋጋው አርበኛ ደመወዝም የጥሪ ወረቀትም አልነበረውም። ለአርበኞች ከሚሰጠው የመንግሥት መሬትም አብዛኛው የሚገኘው በደቡብ ስለ ነበረ፣ ተቀባዩ ወይ አገሩን ለቆ ይሄዳል፣ ወይ ካባቶቹ ርስት ላይ ይቀራል። ለአገር መድማትና ለጡረታ መብቃት አንድ ሳይሆኑ ቀሩ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን መሬት በውለታ መክፈያነቱ አበቃ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለበት የገንዘብ ኖት በአዲስ ተተካ። ጡረተኛው እንግዲህ ተስፋው ሁሉ በወረቀቱ ብር ላይ ሆነ። የዚህን ትርጉም አንድ ቀላል ስሌት ያስረዳል። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ተለወጠ። በወር 50 ብር የሚያገኝ ጡረተኛ አበሉ በዋዜማው 24 ዶላር ያህል ነበር፤ በማግሥቱ 10 ዶላር ሆነ። የጤፉ ዋጋ በዚያው ልክ ባይንርም፣ ከውጭ የሚገባው መድኃኒትና ነጭ ጋዝ ግን ከምንዛሪው ጋር የተሳሰረ ነበር። በደብተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያው ሆኖ ሳለ፣ የሚገዛው ነገር አነሰ።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 መዋጮውን ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጎ፣ ለወታደሩ የሠራተኛውን ድርሻ 7 በመቶ፣ የመንግሥትን 25 በመቶ አድርሷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ግን አሮጌው ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል። ፈንዱን የሚያሳድገው መዋጮው ነው፤ የአበሉን አቅም የሚወስነው ግን የገንዘቡ ጽናት ነው።

መምህሩ ይህን ታሪክ በታሪክም በሒሳብም ክፍለ ጊዜ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ተማሪዎቹ የየቤታቸውን አረጋውያን ጠይቀው በልዩ ልዩ ዘመን አንድ ብር ምን ይገዛ እንደ ነበር ቢመዘግቡ ትምህርቱ ከኑሮ ጋር ይገናኛል። ለዕቅድ አውጪው ደግሞ ትምህርቱ ይህ ነው፤ የገንዘብን ሥርዓት የሚያሻሽል አዋጅ ሲረቀቅ፣ ገቢው በቁጥር የተወሰነበት ጡረተኛ ጉዳይ በዚያው ረቂቅ ውስጥ አብሮ መታየት አለበት። የባሶ ነጋዴ ብሩን መርምሮ የመመለስ ምርጫ ነበረው፤ ጡረተኛው ግን የተሰጠውን ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም።