የሐረር ጀጎል በሮችና ግንብ ያልነበረው የአርሲ ደጋ

በቀይ ባሕርና በሜዲቴራንያን ዳር ከሚገኙት ወደቦች ብዙዎቹ ከኦቶማን ቱርኮች ዘመን የቀሩ ምሽጎችና የምሽግ በሮች ይታዩባቸዋል። ይኸው መንግሥት በ1549 ዓ.ም. ምጽዋን ይዞ «ሐበሽ» ብሎ ከሰየመው ግዛቱ ጋር አዋሕዶአት ነበር፤ ወደ ደጋው ዘልቆ ጸንቶ ለመቀመጥ ግን አልሆነለትም። በዛሬይቱ ኢትዮጵያ የጥንት ቅጥርና በር ተሟልተው የሚታዩባት ከተማ ሐረር ናት፤ እርስዋንም ያጠሩአት ቱርኮች ሳይሆኑ የራስዋ አሚር ናቸው።

እንደሚታወቀው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ የኢማም አሕመድን ሚስት ድል ወንበራን አግብተው በሐረር የገዙ ሲሆኑ፥ በ1551 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስ ከእርሳቸው ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ይሁን እንጂ ይህ ድል ለከተማይቱ ዕረፍት አላስገኘላትም። በዚያው ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ ወደ አካባቢው እየተስፋፋ ስለ መጣ አሚሩ ከተማይቱን በድንጋይ ቅጥር አጠሩአት። ይህ ጀጎል የተባለው ቅጥር ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፥ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት። ሐረሪዎች የበሮቹን ቍጥር ከአምስቱ የጸሎት ጊዜያት ጋር ያያይዙታል።

የበሮቹ ስሞች ለጥናት የሚገቡ ናቸው። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ» ማለትም «ከተማ» ብለው ሲጠሩ፥ በሩን «በሪ» ይሉታል፤ ቃሉም ከአማርኛው «በር» ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው። ኦሮሞዎች ደግሞ «ከራ» ይላሉ። የምሥራቁ በር በሐረሪ አርጎብ በሪ፥ በሌሎቹ ዘንድ ኤረር በር ይባላል፤ የምዕራቡም አስመዲን በሪና ሸዋ በር የሚሉ ስሞች አሉት። ባዕድን ለመከላከል የተሠራ በር በልዩ ልዩ ሕዝብ ቋንቋ ስም የሚወጣለት፥ እነዚያ ሕዝቦች ዕለት ዕለት ሲወጡበትና ሲገቡበት ነው። እንግዲህ የበሩ ዋና ሥራ መዝጋት ሳይሆን፥ ማን በምን ሁኔታ እንደሚገባ መወሰን ነበረ። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በ1847 ዓ.ም. ሲደርስ፥ የአሚሩ ፈቃድ እስኪመጣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል።

በጦርነት ጊዜ ግን በሩ የተጠበቀውን ያህል አልጠቀመም። በ1868 ዓ.ም. ራውፍ ፓሻ የግብጽን ጦር እየመራ መጣ፤ ግብጽም ያን ጊዜ በስም ለኦቶማን ሱልጣን የምትገዛ ስለ ነበረች፥ ቱርኮች በራሳቸው ጦር ያልደረሱባት ሐረር በዚህ መንገድ ከግዛታቸው ተቈጠረች። በመንገዱ ላይ ጦሩን የተዋጉት ኦሮሞዎች ነበሩ፤ ከተማይቱ ግን እጅዋን ሰጠች፥ አሚር ሙሐመድም ተገደሉ። ግብጾች በ1877 ዓ.ም. ለቀው ከሄዱ በኋላ አሚር አብዱላሂ ነገሡ። እርሳቸውም በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክን የገጠሙት ከግንቡ ውጭ ጨለንቆ ላይ ሲሆን፥ እዚያ ድል በሆኑ ጊዜ የከተማይቱ ዕድል ተወሰነ። በሮቹ እስከ ዛሬ የቆሙበት አንዱ ምክንያት እንግዲህ ጥንካሬያቸው ብቻ ሳይሆን፥ ታላቁ ውጊያ በእነርሱ ላይ አለመደረጉ ነው።

ከጨለንቆ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የሸዋ ጦር ሌላ ረጅም ዘመቻ ፈጽሞ ነበር። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ አሰላ ባለችበት በአርሲ ደጋ ግንብም ጀጎልም አልነበረም። የአርሲ ኦሮሞዎች በፈረስና በጦር፥ በጎሣና በገዳ ሥርዐት እየተጠራሩ፥ ጠመንጃ የያዘውን ሠራዊት ለአምስት ዓመት ያህል ተቋቋሙ። በ1876 ዓ.ም. ዶዶታ ላይ የንጉሡን ሠፈር በድንገት መትተው ምኒልክ በጭንቅ አመለጡ። ትግሉ የተፈጸመው በ1878 ዓ.ም. ማለቂያ አዙሌ ላይ፥ በራስ ዳርጌ ጦር ፊት ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለቱን አገሮች ጐን ለጐን ያየ ሰው፥ የተገነባ ቅጥርና የመከላከል ኀይል አንድ እንዳልሆኑ ይረዳል። ግንብ የነበራት ሐረር ዕድልዋ በአንድ ቀን ጦርነት ተቈረጠ፤ ግንብ ያልነበረው አርሲ ዓመታት ፈጀ። ነገር ግን የኋላ ትውልድ የሚያስታውሰው ቆሞ የሚታየውን ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ አርሲ ግን ለመዝገብ የሚቀርብ ድንጋይ ከዚያ ዘመን አልተወም። በ2006 ዓ.ም. በሄጦሳ የተመረቀው የአኖሌ ሐውልት ይህን ጉድለት ለመሙላት የቆመ ሲሆን፥ ስለ እርሱም የተነሣው ብርቱ ክርክር ነገሩ ገና ሕያው መሆኑን ያስረዳል።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ በአርሲ ደጋ ሲሠራ፥ በሐረር ከበሩ የሚያነበውን ከሌላ ስፍራ መፈለግ ይገባዋል፤ ይኸውም ከሽማግሌዎች የዘር ቈጠራ፥ ከጦር ሜዳዎች ስምና ከገዳ ዘመናት አቈጣጠር ነው። የሐረር በር ነገ ቢፈርስ ሥዕሉና ልኩ ተጽፎ ይቀራል። የአርሲ ሽማግሌ የያዘው ግን ሳይጻፍ ካለፈ መሠረቱ እንኳ ተቈፍሮ አይገኝም።