ያገለገለ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ምርመራ (በደቡብ ጎንደር ደጋ)

ያገለገለ ፎር ዊል ድራይቭ ምርመራ አንድ መኪና ከመገዛቱ ወይም ከመጠገኑ በፊት የመሪውንና የኃይል ማስተላለፊያውን ጉድለት ለይቶ ማወቅ ነው። በእብናትና በደብረ ታቦር አካባቢ በአምቡላንስነትና በመስክ ሥራ የሚታወቀው የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ቀርቧል። የመሥሪያ ቤቶች መኪና አገልግሎቱን ሲጨርስ ብዙ ጊዜ በጨረታ ይሸጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ አሮጌውን በትክክል መመርመር ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከፍታና ጉልበት

ደብረ ታቦር ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ይደክማል፤ ጥቁር ጭስም ሊያበዛ ይችላል። ይህን ከፍሪሲዮን መሸርተት መለየት ይገባል። ፍሪሲዮን ሲያልቅ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ አይጨምርም፤ በከፍታ ድካም ግን ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ።

የመሪ መንቀጥቀጥ

ድፍን የፊት አክስል ባላቸው መኪኖች ላይ፣ ጉድጓድ ከተመታ በኋላ መሪው በኃይል የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት ባለሙያዎችን ያከራክራል። አንዳንዶች የጎማ ሚዛን መዛባትን፣ ሌሎች የኪንግ ፒን ኩሽኔታ መላላትን፣ ሌሎች ደግሞ የቴስቲናና የቦኮላ መበላትን ያስቀድማሉ። ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ምክንያት አብሮ የሚገኝ ይመስላል። የመሪ አሞርዛተር መቀየር መንቀጥቀጡን ለጊዜው ቢያስታግስም ሥሩን አይነቅልም። ሻጭ አዲስ አሞርዛተር አስገብቶ ካቀረበ፣ ገዢው ከሥሩ ያለውን ይበልጥ መፈተሽ አለበት።

ፍተሻው ቀላል ነው። የፊት ጎማ በክሪክ ተነሥቶ መኪናው በድጋፍ ይያዛል። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲያወዛውዙት ቢላላ በቅድሚያ ቴስቲና ይጠረጠራል። ከላይና ከታች ተይዞ ቢላላ ሌላ ሰው ፍሬን ይረግጣል፤ መላላቱ ከጠፋ ችግሩ የጎማ ኩሽኔታ፣ ካልጠፋ የኪንግ ፒን ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ይህ ቅደም ተከተል ደህናውን ዕቃ አውጥቶ ከመጣል ያድናል።

አክስልና ዲፈረንሻል

በፊት አክስል ጫፍ ባለው ኳስ ላይ ቀጭን ዘይት ከግሪስ ጋር ተቀላቅሎ ከታየ፣ የውስጡ የዘይት ማኅተም አልቆ የዲፈረንሻል ዘይት ግሪሱን እያጠበው እንደሆነ ይገመታል። የፊት ጎማ እየነዳ መሪው ሙሉ ሲዞር የሚሰማ ቀጭታ የአክስል መጋጠሚያ መበላትን ያመለክታል። ማርሽ ሲገባ የሚሰማ ኳኳታ ከክሮቼራ ሊመጣ ይችላል። ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ድምፁን የሚቀይር ጩኸት ደግሞ ወደ ዲፈረንሻል ያመራል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ወንዝ ለሚያቋርጥ መኪና ይህ መታየት አለበት።

የአራት ጎማ መንጃ

ፍተሻው በጠጠር ወይም በጭቃ ላይ ይደረጋል። በደረቅ አስፋልት ላይ መታጠፊያ ሲይዙ መኪናው መጨነቁ ብልሽት አይደለም፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ

የዘይቱ ቀለምና ሽታ ይታያል፤ የተቃጠለ ሽታ የውስጥ መበላት ምልክት ነው።

ሰነድ

የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል።