እንስራና ቱቦ፦ የኮምፒዩተር የውኃ ማቀዝቀዣ ታሪክ ከሐረር ሲታይ

አሚር ኑር በ16ኛው ምእተ ዓመት ባስገነቡት የጁገል ግንብ ውስጥ የሚገኘው የሐረሪ ቤት ሙቀትን በማሰብ የተሠራ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ጣሪያውም በእንጨት ላይ የተደለደለ አፈር በመሆኑ የቀኑ ፀሐይ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይመሻል። በዚህ ቤት ጥላ የተቀመጠ የሸክላ እንስራ ደግሞ ግድግዳው ያልቻለውን ይሠራል። ውኃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አልፎ እያዛ በእንስራው ገላ ላይ ይተናል፤ በመትነኑም በውስጥ የቀረውን ያቀዘቅዛል። ይህን ለማወቅ የፊዚክስ መጽሐፍ መግለጥ ያስፈለጋት የሐረር እመቤት የለችም።

ለባለሙያው ግን ቁጥሩ ይጠቅመዋል። አንድ ግራም ውኃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው ሙቀት 4.2 ጁል ያህል ነው። ያው አንድ ግራም ሲተን ግን 2,400 ጁል ያህል ይዞ ይሄዳል። እንስራው ውኃውን ከክፍሉ አየር በታች ለማቀዝቀዝ የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው። ዋጋውም የታወቀ ነው፤ ማታ የተሞላው እንስራ ጧት ጐደል ብሎ ይገኛል። በቤት ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገጠመው የውኃ ማቀዝቀዣ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሊትር የማይሞላ ውኃ ሳይባክን ይመላለሳል፤ ስለዚህም በራሱ ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ ከቶ አይችልም። የማቀዝቀዣ ታሪክ እንግዲህ ውኃ በሚያጠፋውና ውኃ በሚመልሰው ስልት መካከል ሲመላለስ የኖረ ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል።

ለሐረርጌ አገር ይህ ልዩነት ከኮምፒዩተር በፊት የመጣ ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ ቀረ። በሐዲዱ ላይ የሚሮጠው የእንፋሎት ባቡር የሚጠጣውን ውኃ ወደ ሰማይ እየለቀቀ የሚሄድ ነበርና፣ በዚያ በረሓ ውኃ እንደ ማገዶው ሁሉ ተቈጥሮ የሚያዝ ስንቅ ነበር። አውቶሞቢል ግን ውኃውን በራዲያተር እያዞረ መልሶ ይጠቀምበታል። በደንገጎ ዳገት ራዲያተሩ የፈላበት ሹፌር የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ በሐረር ከፍታ፣ ማለት ከባሕር ጠለል በላይ በ1,885 ሜትር፣ ውኃ በክዳን ካልታፈነ በቀር 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

የኮምፒዩተርን ሙቀት በውኃ መሸከም የተጀመረው በመኖሪያ ቤት ሳይሆን በታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የሠራው ሲስተም 360 ሞዴል 91 በመሣሪያው ውስጥ የሚነፍሰውን አየር በመንገዱ ላይ በውኃ ያቀዘቅዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ የሆነው የዚያው ኩባንያ 3081 ከዚህ ርቆ ሄደ። ከመቶ የሚበልጡ ቺፖች በአንድ ሣጥን ተደርድረው፣ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ በሞላ የሚገፋ አነስተኛ ፒስተን ያርፍበታል፤ የሣጥኑ ባዶ ቦታ ሙቀትን በደንብ በሚያስተላልፍ በሂሊየም ጋዝ ይሞላል፤ ሙቀቱም በፒስተኑ አልፎ ውኃ ወደሚዞርበት የብረት ሰሌዳ ይደርሳል። ሴይሞር ክሬይ ደግሞ በውኃ ፈንታ ሌላ ፈሳሽ መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ክሬይ 1 በፍሪጅ ጋዝ የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ 2 ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ እንዳለ የተነከረ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በእነዚያ ታላላቅ ክፍሎች በቱቦ የሚዞረው ውኃ ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ተሸክሞ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስደዋል እንጂ። ያም ስፍራ ብዙውን ጊዜ ከጣሪያ በላይ የቆመ የማቀዝቀዣ ማማ ሲሆን፣ በዚያ ሌላ ውኃ እየተነነ ይጠፋል። እንስራው ከጓዳ ወጥቶ ጣሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አነስተኛ ኀይል የሚበላ ቺፕ በታላላቁ ኮምፒዩተር ሳይቀር ስለ ተተካ፣ ውኃው ለጊዜው ተረሳ። በዚያው ዘመን ማብቂያ ግን ባልታሰበ በር፣ በመኖሪያ ቤት ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴለሮን 300ኤ በ300 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ የተሸጠ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች በ450 አስሮጡት። ፍጥነት ሲጨምር ሙቀት ስለሚጨምር፣ እነዚህ ወጣቶች ከአሮጌ መኪና የፈቱትን አነስተኛ ራዲያተርና ለዓሣ ገንዳ የተሠራ ፓምፕ በጐማ ቱቦ አያይዘው የራሳቸውን ማቀዝቀዣ ሠሩ። ፋብሪካው የተከተለው ዘግይቶ ነው፤ አፕል በፈሳሽ የሚቀዘቅዘውን ፓወር ማክ ጂ5 ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር።

በሐረር ይህ ታሪክ ከመዝናኛነት ያልፋል። ከተማው ለብዙ ዓመታት የጠጣው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ለከተሞች በሚሳበው ውኃ፣ ለጫትና ለአትክልት በሚቀዳው መስኖ፣ ከኰረብታው በሚወርደው ደለልና በትነት ሲጐድል ቆይቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃ ቢመለስበትም፣ ሐረር በ2000ዎቹ ዓ.ም. ዐይኑን ወደ ቆላው አዙሮ በድሬዳዋ አጠገብ ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ውኃ በፓምፕ ኀይል ወደ ደጋ ማውጣት ነበረበት። ድሬዳዋ ከሐረር 700 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናት።

ስለዚህ ሒሳቡ እዚህ ላይ መሠራት አለበት። 200 ዋት ሙቀት የሚያወጣ አንድ ኮምፒዩተር ሌት ተቀን ቢሠራና ሙቀቱ ሁሉ በእንስራው ስልት በትነት ቢወገድ፣ በቀን ከ7 ሊትር በላይ ውኃ ይጠፋል፤ በሦስት ቀን አንድ ጀሪካን ማለት ነው። መቶ መሣሪያ ላለው ክፍል በቀን ከ700 ሊትር ይበልጣል። በተዘጋው ቱቦ ግን በደቂቃ 1 ሊትር የሚዞር ውኃ ያንኑ 200 ዋት ሲሸከም ሙቀቱ ከ3 ዲግሪ በላይ አይጨምርም፤ አይባክንምም። ማማው በኤሌክትሪክ ረገድ ቈጣቢ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ውኃው ራሱ በኤሌክትሪክ 700 ሜትር በሚወጣበት ከተማ ክፍያውን በአንድ ቈጣሪ ብቻ ማንበብ ስሕተት ነው።

የተዘጋው ቱቦም የሐረር ግብር አለበት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ውኃው በቱቦው ሙቀቱን ቢሸከምም በራዲያተሩ ላይ የሚረከበው ያው ስስ አየር ነው፤ ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር ከሚበቃው ሰፋ ያለ ራዲያተር መምረጥ ይገባል። በአንጻሩ የሐረር ክፍል ከድሬዳዋው ብዙ ዲግሪ የቀዘቀዘ መሆኑ ኪሳራውን አብልጦ ይክሳል። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ታቃ ለመሣሪያው ማስቀመጫ የተዘጋጀ ቢመስልም በሦስት ወገን የተዘጋ ነውና፣ የሞቀው አየር ተመልሶ ወደ ራዲያተሩ ይገባል፤ ነደባው ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። የቧንቧ ውኃም አይሆንም። በማንቆርቆሪያ ታች ነጭ ቅርፊት የሚተወው ማዕድን ቀጭኑን መተላለፊያ ይዘጋዋልና፣ የተጣራ ውኃ ዝገትና አረንጓዴ ሽበት ከሚከላከል መድኀኒት ጋር ያስፈልጋል። መዳብና አሉሚኒየምን በአንድ ቱቦ ማገናኘት ደግሞ አሉሚኒየሙን ያስበላል።

ፈተናው ሁለት ነው። መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ሳይበራ ፓምፑ ብቻ ለ24 ሰዓት ይሠራል፤ በየመጋጠሚያው ሥር ነጭ ወረቀት ይነጠፋል፤ ጠብታ ካለ ወረቀቱ ይናገራል። ቀጥሎ መሣሪያው በሙሉ ኀይሉ አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ የክፍሉ፣ የውኃውና የቺፑ ሙቀት ጐን ለጐን ይጻፋል። ቺፑ ከውኃው እጅግ ከበለጠ ጥፋቱ በመካከላቸው ባለው ሰሌዳ ወይም ቅባት ላይ ነው። ውኃው ከክፍሉ እጅግ ከበለጠ ጥፋቱ በራዲያተሩ ወገን ነው። በሐረር ይህ ሁለተኛው ልዩነት ለባሕር ዳርቻ ከተሰጠው የፋብሪካ ቁጥር እስከ አንድ አራተኛ ቢበልጥ ከአየሩ የመጣ ስለሆነ የሚታገሡት ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ማራገቢያው ደክሟል፣ ወይም አቧራ የራዲያተሩን ክንፎች ዘግቷል።