መርከብ የተወው፣ ዓሣ የወረሰው ድልድይ

ልጄን ልጠይቅ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከመጣሁ ሰንብቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ «አባዬ፣ የምትወደው ዓይነት አሮጌ ነገር አለ» ብላ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ነድታ በስልተን ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወሰደችኝ።

እውነትም አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 የተከፈተ፣ ከዳርቻው ተነስቶ ባሕሩ ውስጥ የሚዘልቅ የእንጨት ድልድይ ነው፤ ጀቲ ይሉታል። መርከብ እሱ ጋ ይታሰርና የአካባቢውን ጣውላ ጭኖ ይሄድ ነበር። ሲጀመር ርዝመቱ 160 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ግን ባሕሩ እዚያ ጥልቀት የለውም፤ አሸዋውም እየመጣ ይሞላዋል፤ መርከቦቹም እየገዘፉ ሄዱ። መርከቡ ወደ መሬት መቅረብ ካቃተው መሬቱ ወደ መርከቡ ይሂድ አሉ! ለመቶ ዓመት ያህል እየቀጠሉ እየቀጠሉ 1,841 ሜትር አደረሱት።

ከዚያስ? በ1972 ወደቡ ተዘጋ። ጡረታ ወጣ በሉት። በ1978 ደግሞ አልቢ የተባለ አውሎ ነፋስ ወደ ዳርቻው ያለውን ክፍል ጠራርጎ ወሰደው። የከተማው ሰው ግን «አበቃለት» ብሎ አልተወውም። ገንዘብ አዋጣ፣ መንግሥትን ወተወተ። በ2011 በ27 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ታድሶ እንደገና ተከፈተ።

በላዩ ላይ በምትሄድ ትንሽ ባቡር እስከ ጫፉ ሄድን። እዚያ በ2003 የተሠራ መመልከቻ አለ፤ ደረጃውን ዞረው ዞረው ከባሕሩ ወለል 8 ሜትር ወደ ታች ይወርዱበታል። በመስኮቱ ሳይ ደነገጥኩ። ምሰሶዎቹ እንጨት መሆናቸው ጠፍቷል፤ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊና ቢጫ ኮራልና ስፖንጅ አልብሷቸዋል። በመሃላቸው ዓሣው ይርመሰመሳል። ከሰሜን የሚወርድ ሊዊን የሚሉት ሞቃት የባሕር ፍሰት ስላለ የሞቃት አገር ዓሦችም እዚህ ድረስ ይመጣሉ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ከላይ ጣውላ ሲቆጥር፣ ከታች ሌላ ከተማ ሲቆረቆር ኖሯል!

ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ በአብዛኛው ንጉሥና ጦርነት ነበር። አንድ እንጨት ይህን ያህል ታሪክ እንደሚሸከም አልነገርኳችሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን እኔም ጡረተኛ ነኝና ነገሩ ገባኝ።

እስቲ በየአካባቢያችሁ «ሥራውን ጨርሷል» ተብሎ የተተወ ጣቢያ፣ ድልድይ ወይም ወፍጮ ካለ ጻፉልኝ። የሠሩትን ሽማግሌዎች ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቋቸው።